«ደም ሥር» ወይስ «የደም ቧንቧ»?

የአማርኛ የሳይንስ መማሪያዎች ደም ከልብ ይዞ የሚወጣውን ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰውን ደም መልስ ይሉታል። ሁለቱም የአቅጣጫ ስሞች ናቸው፤ ስለ ደሙ ቀለምም ሆነ ስለ ኦክስጅኑ አንዳች አይናገሩም። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ኦክስጅን ያነሰው ደም ቢይዝም ስሙ የማያሳስተው ለዚህ ነው። የወል መጠሪያቸው ግን ሁለት ነው፤ «ደም ሥር» እና «የደም ቧንቧ»። ሁለተኛው የሚያሳስት ይመስለኛል። ቧንቧ የመጣለትን ውሃ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ደም ሥር ግን ሕይወት ስላለው ይሰፋል፣ ይጠባል፣ የሚያልፍበትንም ደም ይመጥናል።

የመመጠኑ ሥራ የሚበረታው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው አኦርታ ላይ አይደለም። ዋናው በር ከዚያ ርቀው በሚገኙት፣ ዓይን በማያያቸው ደም ቅዳዎች፣ በአርቴሪዮሎች ላይ ነው። ግድግዳቸውን የከበበው ጡንቻ ጥቂት ሲኮማተር ውጤቱ ብዙ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፕዋዜይ በ1840ዎቹ እንዳሳየው በቀጭን ቱቦ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ሬዲየስ አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ግፊቱ ሳይለወጥ ቱቦው በ10 በመቶ ቢጠብ የሚያልፈው ፈሳሽ በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ በግማሽ ቢጠብ የሚያልፈው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው። ደም እንደ ውሃ ቀላል ፈሳሽ ባይሆንም ስሌቱ ከእውነታው ብዙ አይርቅም። በብርድ የገረጣ ጣት ምስክር ነው።

ጡንቻውን ማን ያዝዘዋል? ነርቭና ሆርሞን እንደሚያዝዙት ቀድሞ ይታወቅ ነበር። ያልተጠረጠረው የውስጠኛው ሽፋን፣ ኢንዶቴልየም ነው፤ ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ ልባስ ተቆጥሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮበርት ፈርችጎትና ጆን ዛዋድስኪ ከጥንቸል አኦርታ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲጨምሩ ቁራጩ ላላ፤ የውስጡን ገጽ አሽተው ሽፋኑን ሲያነሱት ግን ያው ንጥረ ነገር ሊያላላው አልቻለም። ቀደም ሲል ይህ ያልታየው ቁራጩ ሲዘጋጅ ሽፋኑ ሳይታሰብ ይፋቅ ስለነበር ነው፤ ምስጢሩ የእጅ አያያዝ ሆኖ ተገኘ። ከሽፋኑ የሚወጣው መልእክተኛ ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ ከዓመታት በኋላ ታወቀ፤ ፈርችጎትም በ1998 ከሉዊስ ኢግናሮና ከፈሪድ ሙራድ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። የልብ ሕመምተኛ ደረቱን ሲወጋው ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት ናይትሮግሊሰሪን የምትሠራው በዚሁ ጋዝ ነው። ሐኪሞች ግን ምክንያቱን ሳያውቁ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያዝዟት ኖረዋል።

ደሙ ከአርቴሪዮሎች የሚገባባቸው ካፒላሪዎች እጅግ ከመጥበባቸው የተነሣ ቀይ የደም ሕዋስ ተጣጥፎ ያልፋል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ኦክስጅኑን ለማራገፍ ፋታ ያገኛል። ማርቸሎ ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ያያቸው በ1661 ነው፤ መኖራቸውን የደም ዝውውር ትምህርቱ ግድ ይለው የነበረው ዊልያም ሃርቬይ ከአራት ዓመት በፊት አርፎ ነበር።

ሃርቬይ በ1628 መጽሐፉ ያሳየውን ግን ዛሬም ማንም በክንዱ ሊሞክረው ይችላል። ከክርን በላይ ጨርቅ ለዘብ አድርጎ ሲታሰር ደም መልሶቹ ያብጣሉ፣ እዚህም እዚያም ቋጠሮ ይታይባቸዋል። ባበጠው ሥር ላይ አንድ ጣት ይጫኑ፤ በሌላ ጣት ደሙን ወደ ላይ ጠርገው ከቋጠሮው ያሳልፉና ሁለተኛውን ጣት ያንሡ። በጣቱና በቋጠሮው መካከል ያለው ሥር እንደ ሟሸሸ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ጣት ሲነሣ ወዲያው ከታች ይሞላል። ቋጠሮዎቹ ወደ ልብ ብቻ የሚከፈቱ ክዳኖች ናቸው።

ክዳኖቹ ብቻቸውን ደም አያወጡም፤ የባት ጡንቻ መጭመቅ አለበት። ሳይንቀሳቀስ ለቆመ ሰው በቁርጭምጭሚቱ ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይደርሳል፤ ጥቂት ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። በረጅም ቅዳሴ መቋሚያ ተደግፎ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚያፈራርቅ ምእመን ድካሙን ለማስታገስ ብሎ ባቱን ያሠራል፤ እግሩ ላይ የተጠራቀመው ደምም ክዳን በክዳን ሽቅብ ይወጣል።