ስድስት ዋት ለላሊበላ

ስለ ማዘርቦርድ ታሪክ ልንጽፍ ነው ስንል «እሱም ታሪክ አለው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! ያውም ከላሊበላ ሆነው ሲያዩት መልኩ ለየት ይላል።

መጀመሪያ የመብራቱን ነገር እናንሳ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትም ስልክም ተቋረጠ። ከተማዋ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች፤ መብራቱ ግን አብሯት አልተመለሰም። መስመሩ የሚመጣው በአላማጣ በኩል ነበርና ነዋሪው ከዓመት በላይ በጨለማ ከረመ። ይህ አለፈ ሲባል ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሌላ ግጭት ተነሣ፣ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር «የቤት ሰርቨር» ማለት የቅንጦት መጫወቻ አይደለም። ኪዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም የጫነች አንዲት ትንሽ ሣጥን ውጪው ቢዘጋም ዊኪፔዲያን በግቢው ዋይፋይ ታስነብባለች። የትምህርት መጻሕፍቱን፣ የቤተሰቡን ፎቶ፣ የእንግዳ ማረፊያውን የሒሳብ መዝገብ እዚያው ታስቀምጣለች። ጥያቄው አንድ ነው፦ መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት ትቆያለች?

እናስላው። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የመኪና ዓይነት ባትሪ አለን እንበል። እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ዋት ሰዓት ይሰጠናል። 100 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ በስድስት ሰዓት ይጨርሰዋል (በኢንቨርተር የሚባክነውን ሳንቆጥር)። 6 ዋት የምትበላ ማሽን ግን 100 ሰዓት ትሄዳለች፤ አራት ቀን ማለት ነው! ልዩነቱ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ግን ደስ ይላል። የታይዋኑ ቪያ ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ሚኒ-አይቲኤክስ የተባለውን 17 በ17 ሳንቲ ሜትር የሆነ የማዘርቦርድ ልክ አመጣ። ጊዜው ኢንቴልና ኤኤምዲ በጊጋኸርዝ የሚሽቀዳደሙበት ነበር፤ ቪያ ግን ያለ ፋን የሚሠራ 533 ሜጋኸርዝ ቦርድ ይዞ ብቅ አለ። ብዙ ሰው ሳቀበት። በ2003 ደግሞ ማኑኤል ካስፐር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ሞኖዎል የተባለውን የፋየርዎል ሥርዓት ጀመረ። ሥርዓቱ ሲነሣ ሙሉ በሙሉ ሜሞሪ ላይ ይወጣና ዲስኩን አይነካም። መብራት አሥር ጊዜ ቢሄድ የሚበላሽ ፋይል የለም! ካስፐር ይህን ሲሠራ ላሊበላን አስቦ ባይሆንም ለላሊበላ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ማን ያመጣል? ሞኖዎል በ2015 ተዘጋ፤ ልጆቹ ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ ግን አሁንም አሉ።

ከዚያው ከስዊዘርላንድ ፒሲ ኢንጂንስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ አሊክስ የሚባል ቦርድ ይሸጥ ነበር። 500 ሜጋኸርዝ፣ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ ፋን የለው፣ ሃርድ ዲስክ የለው። ከሁሉ የምንወድለት ግን ከ7 እስከ 20 ቮልት ያገኘውን መቀበሉን ነው፤ ከባትሪው ላይ በቀጥታ ትሰካዋለህ፣ ኢንቨርተር አያሻህም። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ፋን የሚገፋው አየርም ያንኑ ያህል ይቀንሳል፤ በጋ ላይ ደግሞ የላስታን አቧራ ወደ ውስጥ ይምጋል። ፋን የሌለው ቦርድ ሁለቱንም ጣጣ ይገላግላል።

በ2008 ኢንቴል አቶምን አወጣና «4 ዋት ብቻ!» ተባለ። እውነት ነው፣ ፕሮሰሰሩ 4 ዋት ነው። አብሮት የመጣው ቺፕሴት ግን እስከ 22 ዋት ይበላ ነበር! በመጀመሪያው የኢንቴል ቦርድ ላይ ፋኑ የተቀመጠው በፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን በቺፕሴቱ ላይ ነው። ዛሬም ይኸው ቀልድ አለ። በ2023 የወጣው ኤን100 «6 ዋት» ይባላል፤ ይህ ግን የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው። የቦርዱ፣ የሜሞሪው፣ የኔትወርክ ካርዱ ሲደመር ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ሻጩን ስለ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከሶኬት ስለሚስበው ጠይቁት፤ ካላወቀ በመለኪያ ይለካላችሁ።

ራስበሪ ፓይስ? ከ2012 ጀምሮ በርካሽነቱ ልባችንን ሰርቆታል። ለሰርቨር ይሁን፤ ለፋየርዎል ግን የኔትወርክ መሰኪያው አንድ ብቻ ነው፤ መብራት በድንገት ሲሄድ ኤስዲ ካርዱ ይበላሻል፤ እስከ አምስተኛው ትውልድ ድረስ ደግሞ የራሱ ሰዓት አልነበረውም። ኢንተርኔት በሌለበት አገር ሰዓቱን ከየት ያመጣዋል?

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ የሚያሳዝንም ነገር እንበል። በእኛ አገር «ፋየርዎል» ሲባል የሚታወሰን የቤት ሣጥን አይደለም፤ ከ1998 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረ ገጾች ተዘግተው የኖሩበት ትልቁ ኬላ ነው። የቤቷ ሣጥን ያንን አትከፍትም። ኢንተርኔቱ ከምንጩ ከተቋረጠ ምንም አታመጣም። የምትችለው አንዱን መስመር ለእንግዶች ማከፋፈል፣ የማይፈለገውን መከልከል፣ ያለውን ደግሞ በግቢው ማቆየት ነው።

አሁን የሚገዛ ሰው ካለ ምርጫችን ይህ ነው፦ ገንዘቡ ካለ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ፋን የሌለው፣ ሁለት የኢንቴል ኔትወርክ መሰኪያ ያለው የኤን100 ቦርድ፤ ከሌለ በሰው ሻንጣ የመጣ ያገለገለ ቲን ክላየንት። ገዝታችሁ ስትጨርሱ ባዮሱን ክፈቱና መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሣ የሚያዘውን ቦታ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው ተዘግቶ ነው፤ እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ ሣጥኗ ላሊበላ ከሆነች ደግሞ መብራቱ በመጣ ቁጥር ጎረቤት እየደወላችሁ «እባክህ ያቺን ቁልፍ ተጫንልኝ» ስትሉ መክረማችሁ ነው።