የማዶው መጽሐፍ

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ቡና ቤት እንገናኛለን። ስድስት ነን፤ አራታችን ሶፍትዌር የምንሠራ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ። ሕጋችን አጭር ናት፦ እያንዳንዱ ሰው ያን ወር እያነበበ ያለውን አንድ መጽሐፍ ይናገራል፤ እኛስ ለምን እናንብበው የሚለውንም ያስረዳል። "አሪፍ መጽሐፍ ነው" ብሎ ማለፍ ያስቀጣል። ቅጣቱ የሁሉንም ሰው ቡና መክፈል ነው።

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነርሷ ወደ እኔ ዞር ብላ "አንተ ሁልጊዜ የመተማ ልጅ ነኝ ትላለህ። እስቲ ስለ መተማ አንድ መጽሐፍ ጠቁመን" አለችኝ። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ያን ቀን የስድስታችንንም ቡና እኔ ከፈልኩ።

ያደግኩት ገንዳ ውኃ ነው፤ ትልልቆቹ አሁንም ሸኸዲ የሚሏት። ስለ ቆላው የማውቀው ነገር ጥቂት አይደለም። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ የሚወርዱትን ሳሉጎች አውቃለሁ። ወባውንም ሙቀቱንም አውቃለሁ። አጎቴ ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር በዓረብኛ ዋጋ ሲከራከር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ድንበሩ ላይ ያለችው ከተማ ለምን መተማ ዮሐንስ እንደምትባልም ማንም የሰፈራችን ሕፃን ይነግርሃል። መጽሐፍ ግን? ምህንድስና ተምሬ፣ ኮድ እየጻፍኩ እንጀራ እየበላሁ፣ የአገሬን ታሪክ የያዝኩት በጆሮዬ ብቻ ነበር።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ ማታውኑ ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ ቋንቋ። ቆየት ብዬ አንድ አምድ ጨመርኩበት፦ "ጸሐፊው የት ቆሞ ነው የጻፈው?" ከሁሉም ያስቸገረኝ ይሄ አምድ ነው።

በሠንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር የገባው በመተማ ቆላ አልፎ የሄደ መጽሐፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በምጽዋ ገብቶ ጎንደር ከከረመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ወደ አገሩ ለመመለስ ተነሣ። የሄደው በምጽዋ አልነበረም። ራስ ኤል ፊል ብሎ በጠራው፣ በዛሬው የመተማ አካባቢ አድርጎ ወደ ስናር ወረደ። የዚያ ቆላ ሹመት በስም ተሰጥቶት ነበር፤ ሹሙ ግን አገሩን ያየው ታሞ ተኝቶ ነው። ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከወጣው የግዕዝ ብራናዎች መካከል ሦስት ቅጂ መጽሐፈ ሄኖክ ነበረበት።

ሄኖክን እኛ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቆጥረን ስናነበው ኖረናል። አውሮፓውያን ግን ሙሉውን ካጡት ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ብሩስ በኑቢያ በረሃ ግመሎቹ አልቀውበት፣ ጓዙን ጥሎ፣ ነፍሱን ለማትረፍ በእግሩ አስዋን ገባ። ትንሽ ካገገመ በኋላ ተመልሶ ጓዙን አነሣ። ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ሪቻርድ ሎረንስ የኦክስፎርዱን ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ባይገርማችሁ ዛሬ ፈረንጁ በቪዲዮ "ከእናንተ የተደበቀው መጽሐፍ" እያለ ሄኖክን መልሶ ለእኛው ይጠቁመናል።

ሁሉም መጽሐፍ እንደ ሄኖክ አልቀናውም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ብራናዎች መቅደላ ወጡ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ከ300 በላይ የሚሆኑት ለንደን ገቡ። በጎንደር ለቀረው ደግሞ እሳቱ የመጣው በእኛ ቆላ በኩል ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የመህዲስቶቹ አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ከመተማ ተነሥቶ ደምቢያ ላይ፣ ሳር ውኃ በተባለ ቦታ፣ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረገ፤ ጎንደር ገብቶም አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኑት ይባላል። ያኔ ስንት መጽሐፍ እንደነደደ የቆጠረ ሰው የለም።

ከመተማው ጦርነት 23 ዓመት በኋላ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው አወጡት። ሥራው የመጻሕፍት ቆጠራ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ቃጠሎና ዝርፊያ በኋላ ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል፤ ሰውዬው "ይሄ አለን፣ ይሄም ተርፏል፣ ፈልጋችሁ አንብቡት" እያሉን ይመስለኛል። የእኛ የቅዳሜ ቡና ከዚህ ምን ይለያል? እሳቸው ግን የሁሉንም ቡና ከፍለዋል።

ወደ ጦርነቱ ራሱ ስመጣ አምዴ አስቸገረኝ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆሰሉ፤ በዚያው ቁስል አረፉ። አስከሬናቸው በመህዲስቶቹ እጅ ወደቀ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። ይህንን ማን ጻፈው? የንጉሡ ዘር የሆኑት ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የሕይወት ታሪክ ጽፈውታል። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ በአማርኛ ጽፈውታል። ኦምዱርማን ውስጥ ምርኮኛ የነበሩ ሁለት አውሮፓውያንም አሉ፦ በ1892 መጽሐፉ የወጣው ቄስ ኦርዋልደርና በ1896 የወጣው ሩዶልፍ ስላቲን። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን የሁለቱንም መጽሐፍ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያዘጋጀው አንድ ሰው ነው፤ የግብፅ ጦር የስለላ ኃላፊ የነበረው ዊንጌት። የስላቲን መጽሐፍ በወጣበት ዓመት ኪችነር ሱዳንን ለመያዝ ዘመተ። ምስክርነቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማተሚያ ቤት ያደረሰው እጅ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። አምዱ ላይ "ሰንሰለት ውስጥ ሆኖ፣ አርታኢው ስለላ ቢሮ ሆኖ" ብዬ ጻፍኩ።

ከፈረንጆቹ ደስ ያለኝ አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 ጣሊያንን ከጋላባትና ከመተማ ለማስወጣት ያጠቃው እንግሊዛዊው ዊልያም ስሊም ጋላባትን ያዘ፤ መተማን ግን ሳይዝ ተመለሰ። ኋላ ትልቅ ማርሻል ሆኖ በጻፈው መጽሐፍ ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ፦ ፍርሃቱን ሰምቶ እንደተመለሰ ተናገረ። የተሸነፈበትን ቀን ራሱ የሚጽፍ ጄኔራል ብዙ አይገኝም።

ሠንጠረዡ 11 መስመር ሲሞላ አንድ ጉድለት አየሁ። በዓረብኛ የተጻፈ አንድም አልነበረም።

ሰኔ ላይ ቤተሰብ ልጠይቅ ወረድኩ። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከፈነዳ ሁለት ወር አልፎታል። መተማ ዮሐንስ በስደተኛ ተጨናንቃለች። አጎቴ ጉዳይ ነበረውና አብሬው ሄድኩ። ዝንጅብል የገባበት የሱዳን ቡና የምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀምጠን ሳለ ከኦምዱርማን የተሰደደ አንድ የታሪክ መምህር ተዋወቅን። ዕድሜው ስልሳ ይሆናል። አጎቴ "ኡስታዝ" ይለዋል፣ እኔም አልኩት። እኔን "ያ ወለዲ" አለኝ። ቤቱን ሲተው ከመጻሕፍቱ አንድም አልያዘም። ስልኩ ውስጥ ግን ስካን የተደረጉ ብዙ ነበሩ።

እንደለመድኩት "ኡስታዝ፣ አሁን ምን እያነበብክ ነው?" አልኩት። አጎቴ ተረጎመው። ሰውዬው ሳቀ። ከተሰደደ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቀው ካርድ አለህ ወይ ብሎ ነው። የጣይብ ሳሊሕን "የስደት ወቅት ወደ ሰሜን" ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ሳያውቅ እያነበበ መሆኑን ነገረኝ። ስለ መተማ ጦርነት እናንተ ምን ታነባላችሁ ስለው ግን ትንሽ ዝም አለ። አጎቴን ዓይቶ፣ እኔን ዓይቶ፣ ስልኩን ከፈተ።

መጽሐፉ የኢስማዒል አብዱልቃድር አልኩርዱፋኒ ነው። ከድሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በኸሊፋ አብዱላሂ ዘመን የተጻፈ ነው። ርዕሱ ራሱ የሐበሻው ንጉሥ ዮሐንስ መገደሉን የምሥራች ይላል። አጎቴ ርዕሱን ሲሰማ ስኒውን አስቀመጠ። "የንጉሡን አንገት የቆረጡበትን የምሥራች ነው የምታስነብበኝ?" አለኝ በአማርኛ። ኡስታዝ ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ገባው። "የጸሐፊውን መጨረሻ ንገረው" አለና ራሱ ነገረን። ያው ኸሊፋ ኋላ በኩርዱፋኒ ላይ ተቆጣ። ወደ ደቡብ፣ ረጃፍ አጋዘው፤ እዚያው ሞተ። መጽሐፎቹ እንዲቃጠሉ ታዘዘ። የመህዲን ታሪክ የጻፈበት ትልቁ ሥራው የተረፈው ከእሳቱ ባመለጠ ቅጂ ነው።

"እነሱም ያቃጥላሉ ማለት ነው" አለ አጎቴ። ቆይቶ "አንብበው እስቲ" አለ።

አጎቴ ዓረብኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አያነብም። እኔ ምኑንም አላውቅም። ስለዚህ ኡስታዝ ያነባል፣ የመጽሐፉ ቋንቋ የከበደ ነውና በመንደር ዓረብኛ ያቀልለዋል፣ አጎቴ በአማርኛ ይነግረኛል። ጽሑፉ ቤት የሚመታ ዝርው ነው፤ ምኑም ሳይገባኝ ዜማው ደስ አለኝ። ሠራዊቱ ተሰለፈ፣ ጦርነቱ ተጀመረ። ንጉሡ ከወደቁበት ቦታ ሲደርስ ኡስታዝ አነበበ፤ አጎቴ ዝም አለ።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"የምታውቀውን ነው።"

ኡስታዝ ስልኩን ደፍቶ አስቀመጠው። ከዚያ "አንተስ የእናንተን አታነብልኝም?" አለኝ። ማስታወሻዬን አወጣሁ። አፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የጻፉትን የሰላም ደብዳቤ ነገርኩት፤ ድሃው በከንቱ አይለቅ፣ በአውሮፓውያን ላይ አንድ እንሁን የሚል ነው። ኡስታዝ ራሱን ነቀነቀ፤ ደብዳቤውን ጠብቀው ያቆዩት የእነሱ የመህዲያ ሰነዶች መሆናቸውን ሊነግረኝ ነው። መልሱ ስድብ እንደነበርም አልደበቀም።

ቀጥዬ የጥር 1879ኙን አነበብኩ። ጎንደር ከመቃጠሏ ከአንድ ዓመት በፊት የጎጃሙ ሠራዊት መተማ ወርዶ፣ የመህዲስቶቹን አዛዥ ወድ አርባብን ገድሎ፣ ከተማዋን አቃጥሏት ነበር። ይህንን ሠንጠረዤ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ጮክ ብዬ ስናገረው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በሰፈራችን ታሪኩ ሁሌ የሚጀምረው ከጎንደር ቃጠሎ ነው። አጎቴ ወደ ዓረብኛ ሲመልሰው ድምፁ ዝቅ አለ። የተቃጠለችው እኛ የተቀመጥንባት ከተማ ናት።

አመሻሹ ላይ ዝናብ መጣና ተነሣን። ስልክ ተለዋወጥን። ኡስታዝ "ቀሪውን ሌላ ቀን" አለ።

ሐምሌ ላይ ለጓደኞቼ ሁለት መጽሐፍ ጠቆምኩ፤ በእንግሊዝኛ ያነበብኩትን ጣይብ ሳሊሕንና ራሴ ማንበብ የማልችለውን ኩርዱፋኒን። የባንኩ ሠራተኛ "ያላነበብከውን መጠቆም ያስቀጣል" ብሎ ተከራከረ። ነርሷ "ሰምቶታል እኮ" አለች። ድምፅ ተሰጠና ዳንኩ።

ነሐሴ ላይ የእኛም አገር ተናጋ። መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። የኡስታዝን ቁጥር ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ አይነሣም። ወደ ሌላ አገር ተሻግሮ ይሆናል፣ ተመልሶም ይሆናል። ሠንጠረዡ ላይ ከኩርዱፋኒ አጠገብ፣ "ጸሐፊው የት ቆሞ ነው የጻፈው?" በሚለው ስር "ማዶ" ብዬ ጽፌ ነበር። አጥፍቼ "መተማ ላይ፣ በአጎቴ አፍ የሰማሁት" አልኩት። ለአምዱ አይመጥንም፤ ትቼዋለሁ።

ባለፈው አጎቴ መስመር አግኝቶ ደወለ። የቤተሰቡን ደኅንነት፣ የሰሊጡን ዋጋ፣ የሞተውን ሰው ሁሉ ነገረኝ። ሊዘጋ ሲል "ስማ" አለ፤ "ያ ሰውዬ መጽሐፉን አልጨረሰልኝም። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል የሚያነብልህ ሰው እዚያ አዲስ አበባ አታጣም። ፈልግ።"

እየፈለግኩ ነው።