ግፊት ወለድ ፍጆታ

“ሰው ሰራሽ እጥረት” የሚለው ሐረግ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ዘይት ከሱቅ በጠፋ፣ ስኳር በተወደደ ቁጥር እንሰማዋለን። በታመቀ አየር ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶች ደግሞ የዚህ ሐረግ ግልባጭ አላቸው፤ “አርቴፊሻል ዲማንድ” ይሉታል። ቃል በቃል ከተመለሰ “ሰው ሰራሽ ፍላጎት” መሆኑ ነው። ትርጉሙ አላረካኝም፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ነገሩን እንየው።

በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ክር የሚቆርጠው፣ የስፌት መኪናውን እግር የሚያነሳው፣ ጨርቅ ላይ የተረፈውን ብናኝ የሚያራግፈው ብዙ ጊዜ የታመቀ አየር ነው። አየሩን አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ኮምፕረሰር ያምቀዋል፤ ቧንቧ እስከ መስመሩ ጫፍ ያደርሰዋል። አየር በነጻ ስለምንተነፍሰው ይህም ነጻ ይመስለናል እንጂ በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ከእሱ የሚወደድ ጉልበት ጥቂት ነው። ኮምፕረሰሩ ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይበንናል፤ መጨረሻ ላይ ሥራ የሚሠራው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው።

እንግዲህ ከመስመሩ ጫፍ ያለች አንዲት መኪና ደከመች እንበል። የመስመር አለቃው ይጮኻል። ቴክኒሻኑ ኮምፕረሰሩ ዘንድ ሄዶ 6 ባር የነበረውን ግፊት 7 ያደርገዋል። መኪናዋ ነቃች፣ ጩኸቱ ቆመ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ቧንቧው ውስጥ ግን ሌላ ታሪክ ተጀመረ። እያንዳንዱ የላላ መጋጠሚያ፣ እያንዳንዱ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተር) የሌለው እያንዳንዱ የአየር መንፊያ ከበፊቱ ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ አየር መትፋት ጀመረ። በዚያ ላይ ኮምፕረሰሩ ያንኑ አየር በ1 ባር ከፍ አድርጎ ለማመቅ ከ6 እስከ 7 በመቶ ተጨማሪ መብራት ይፈልጋል። ይህን ትርፍ አየር የጠየቀ ሠራተኛም ሆነ መኪና የለም። የወለደው ግፊቱ ነው። ፍጆታው ሲጨምር ደግሞ አየሩ በቧንቧው ውስጥ ይጨናነቃል፤ ጫፍ ላይ ያለችው መኪና ከሰነበተች በኋላ እንደገና ትደክማለች። ከዚህ በኋላ ስብሰባ ይጠራል፤ ሁለተኛ ኮምፕረሰር ይገዛ ይባላል።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ “ሰው ሰራሽ ፍላጎት” ከተባለ አንባቢው ወዲያው መጋዘን የዘጋ ነጋዴ ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ተንኮል ያሰበ ማንም የለም፣ ቴክኒሻኑም የሠራው ለበጎ ነው። “የውሸት ፍላጎት” እንዳይባል፣ ፍላጎቱ ውሸት ቢሆንም የመብራት ሂሳቡ እውነት ነው። “ብክነት” ደግሞ በጣም ሰፊ ነው፤ ግፊቱ ዝቅ ቢልም የሚባክን አየር አለ። ስለዚህ “ውሃ ወለድ በሽታ” ከሚለው የለመድነው አነጋገር ተበድሬ “ግፊት ወለድ ፍጆታ” እንበለው እላለሁ። ስሙ መንስኤውን ስለያዘ መድኃኒቱንም ይጠቁማል። “ወለድ” ሲባል የባንኩ ትዝ የሚለው ሰው ቢኖርም አልከፋም፤ ያለ ምክንያት 1 ባር የጨመረ ፋብሪካ በየወሩ የሚከፍለው እሱኑ ነውና።

ቃሉ ሐዋሳ ላይ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት 0.83 ባር ያህል ስለሆነ ኮምፕረሰሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር በባሕር ጠረፍ ከሚስበው በክብደት ወደ አንድ አምስተኛ ያንሳል። ጌጁ ላይ 7 ባር ለማንበብ በባሕር ጠረፍ አየሩን 8 እጥፍ ያህል ማመቅ ሲበቃ እዚህ ከ9 እጥፍ በላይ ይጠይቃል። የኮምፕረሰሩ መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ ለጠረፉ ሰው ነው። መጽሐፉን ብቻ ያመነ ቴክኒሻን “ኮምፕረሰሩ አነሰ” ብሎ ግፊት መጨመሩ አይገርምም።

ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስሙ ከሚነሳባቸው ነገሮች አንዱ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ መጠቀሙ ነው፤ ሐይቁ ቅርብ ነውና ተገቢ ነው። የሚፈስ ውሃ ይታያል፣ ይሸታል፣ ያስጠይቃል። የሚፈስ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ደግሞ ፉጨቱን ይውጠዋል። በ7 ባር ላይ አንዲት የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቀን ከሌሊት 3.5 ኪሎዋት ያህል ኤሌክትሪክ ታስበላለች።

ቀዳዳ መፈለጉን ማንም ይችለዋል። የጎሚስታ ልጅ የባጃጅ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውሃ መቀባት በቂ ነው። ሥልጠና የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ላለው ነው። ቀዳዳ በተደፈነ ቁጥር የቧንቧው ግፊት ከፍ ሊል ይችላል፤ ግፊቱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ከሌለ ቀሪዎቹ ቀዳዳዎች የተረፈውን አየር ይካፈሉታል። “ደፍነን ደፍነን ሂሳቡ አልቀነሰም” የሚለው ምሬት የሚመጣው ከዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት፣ ዩኒዶ፣ እንደ ደቡብ አፍሪካ ባሉ አገሮች የታመቀ አየር ሥልጠናን ለሁለት ከፍሎ ሰጥቷል፤ አንዱ በፋብሪካ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች፣ ሌላው ፋብሪካ ገብተው ለክተው ለሚመክሩ ባለሙያዎች። በእኔ አስተያየት ሐዋሳ መጀመር ያለባት ከፊተኛው ነው፤ የግፊቱ ቁልፍ ያለው በእነሱ እጅ ነውና። ለዚህ የሚሆን ዩኒቨርሲቲም ፖሊቴክኒክ ኮሌጅም ከተማው ውስጥ አለ።

የፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ የምትሠሩ አንባቢዎች እሑድን ጠብቁ። የስፌት መስመሩ ሁሉ ቆሞ፣ ኮምፕረሰሩ ብቻ እየሠራ፣ ሰዓት ያዙ። አየር የሚያምቅበትን ደቂቃ ከሚያርፍበት ደቂቃ ለይታችሁ መዝግቡ። 3 ደቂቃ አምቆ 7 ደቂቃ ካረፈ፣ ማንም ሳይሠራ ከአቅሙ 30 በመቶው እየፈሰሰ ነው። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ቤታችሁ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ ሳሙናውን አዘጋጁ፤ ግፊቱንም ጫፍ ላይ ያለችውን መኪና እያያችሁ በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ አድርጉት።