የእንሰት ስምና የእጽዋት መዝገብ



ሰው በስሙና በአባቱ ስም በመዝገብ እንደሚጻፍ፥ እጽዋትም በሊቃውንት መዝገብ የሚጻፉበት ሥርዓት አላቸው። ይህን ሥርዓት ያጸናው የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1753 ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) እያንዳንዱ ተክል ሁለት ስም አለው፤ ፊተኛው የወገኑ፥ ኋለኛው የራሱ ነው። ወገኖችም ተሰብስበው ቤተሰብ ይባላሉ። ስለዚህ ስንዴ፥ ገብስና ጤፍ በወገን ሦስት ሲሆኑ፥ ሦስቱም የሣር ቤተሰብ ናቸው።

ነገር ግን ስም አውጪ ሁሉ የተክሉን አገር አያውቅም። ሊኔዎስ የኢትዮጵያን ቡና «የዐረብ» ብሎ መዘገበው። ኮሶም የወገን ስሙን ያገኘው ሀገን ከሚባል ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። እንሰት ግን በአገሩ ስም ለመጠራት በቃ፤ ይኸውም ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቈይቶ፥ በ1790 በኤዲንበርግ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እንሰት ከነሥዕሉ ጻፈ። ሥዕሉን ያዩ አንዳንድ ሰዎች ተክሉ የሙዝ ወገን ነው ቢሉ፥ እርሱ አይደለም ሲል ተከራከረ። ሆኖም በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን እንሰትን በሙዝ ወገን መዘገበው። በ1862 የሩስያው ሊቅ ሆራኒኖቭ «እንሰት» የተባለ ወገን ለብቻው ቢያቆም፥ ብዙዎች አልተቀበሉትም። በመጨረሻ በ1947 እንግሊዛዊው ቺዝማን ነገሩን እንደ ገና መርምሮ እንሰትን ከሙዝ ወገን ለየው።

ልዩነቱም በጓሮ የሚታይ ነው። ሙዝ ከሥሩ ልጆች እያበቀለ ራሱን ይተካል። እንሰት ግን አንድ ጊዜ አብቦ ካፈራ በኋላ ይደርቃል፤ ችግኝ የሚያወጣው ገበሬው ሥሩን ቈርጦ ሲቀብረው ነው። ከሙዝ የምንበላው ፍሬውን ሲሆን፥ የእንሰት ቆጮና ቡላ የሚገኙት ከግንዱና ከሥሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዘመዶች ሲሆኑ ወገናቸው ይለያል።

የእጽዋት ስም ሕግ የወገኑን ስም ለተክሉ መድገምን ስለሚከለክል፥ «እንሰት እንሰት» ማለት አልተቻለም። ኋለኛው ስም በ1859 በአንጎላ ለተገኘው ለዚሁ ተክል ከወጣው ስም ተወሰደ፤ ትርጓሜውም «ሆዱ የተነፋ» ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በ1791 የተጻፈው የመዝገብ ስሕተት እስኪታረም 156 ዓመት አለፈ። ዛሬም ቢሆን በውጭ አገር እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» የሚሉት አሉ። በጉራጌ፥ በሲዳማ፥ በከፋና በሌላውም አገር ስንት ትውልድ በድርቅ ዘመን ያዳነ ተክል በዘመዱ ስም፥ ያውም በሐሰተኛነት ሊጠራ አይገባም። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን የሰውና የቦታ ስም የምንመዘግብ ሁሉ፥ ብዕራችንን ከማንሣታችን አስቀድሞ ባለቤቱን ብንጠይቅ መልካም ነው።