በረዶው ላይ የሚበርቅ ብርሃን

የሰሜን አሜሪካን የበረዶ ሆኪ በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ይህን አይቶታል። አጥቂው ዱላውን ወደ ኋላ ሰብቆ ወደ ግብ ሲመታ፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ሜዳው በሙሉ ቦግ ይልና ወዲያው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ላልለመደው ሰው የስርጭት ብልሽት ይመስላል። እውነቱ ግን የፎቶ ጋዜጠኞች ከጣሪያው ሥር ያሰሯቸው ፍላሾች ናቸው።

ብዙዎች በየወንበሩ ተቀምጦ ፎቶ በሚያነሳው ተመልካች ያሳብባሉ። የትንሽ ካሜራ ብርሃን ግን ጥቂት ሜትር ሄዶ ይደክማል፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና። 61 በ26 ሜትር የሚሆነውን ሜዳ በአንድ ጊዜ የሚያነጣው ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ፍላሽ ነው። ፎቶ አንሺው ከታች፣ ከመከላከያው መስታወት አጠገብ ሆኖ የካሜራውን ቁልፍ ሲጫን፣ የላይኞቹ ፍላሾች በሬዲዮ ምልክት አንድ ላይ ይበራሉ። ብርሃኑ የሚቆየው የሴኮንድ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ለቀጣዩ ፎቶ ኃይል እስኪሞሉ ግን ጥቂት ሴኮንዶች ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ደጋግሞ ማንሳት አይችልም፤ ወሳኙን ቅጽበት ጠብቆ አንዴ ይጫናል። ቤቱ የተቀመጠው ሰውም አይኑን ተክሎ የሚጠብቀው ያችኑ ቅጽበት ነው። የችግሩ ሥር እዚህ ጋ ነው።

ቴክኖሎጂው የተወለደው ከሆኪ ሜዳ ርቆ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋሙ መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን በ1930ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚሽከረከሩ ሞተሮችን ለመመርመር የሠራው ፈጣን ብልጭታ፣ ብዙም ሳይቆይ የወተት ጠብታን ፍንጥቅታ፣ ቀጥሎም የስፖርተኞችን እንቅስቃሴ አስቁሞ ማሳየት ቻለ። የቀለም ፊልም ደግሞ ብርሃን ይርበው ነበር። በ1974 የወጣው ኮዳክሮም 64 እንኳ በአዳራሽ መብራት ብቻ የሚሮጥን ተጫዋች ጥርት አድርጎ አያወጣም። ለመጽሔት የሚሠራ ባለሙያ ጣሪያ ላይ ከመውጣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሜዳው ራሱ ለዕይታ ሲባል መልኩን የቀየረ ነው። የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ኤን.ኤች.ኤል. በረዶውን ነጭ ቀለም ማስቀባት የጀመረው በ1949–50 የውድድር ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት የሥሩ ሲሚንቶ ግራጫ ሆኖ ይታይ ነበር። በጥቅምት 1952 የካናዳ ቴሌቪዥን ጨዋታ ከሞንትሪያል ማስተላለፍ ሲጀምር፣ ነጩ መሬት ፓክ የሚባለውን ጥቁር የጎማ ዲስክ ጎላ አድርጎ አሳየ። ያው ነጭ ቀለም ግን ከላይ የሚመጣውን ብልጭታ ተቀብሎ ወደ ካሜራው መልሶ ይረጨዋል።

ፍላሹ ለአሥርተ ዓመታት ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የተለወጠው ብርሃኑን የሚቀበለው መሣሪያ ነው። በአናሎጉ ዘመን የአሜሪካና የካናዳ ቴሌቪዥን አንዱን ምስል ለሁለት ከፍሎ በሴኮንድ 60 ግማሽ ምስሎች ይልክ ነበር። ብልጭታው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ያርፋል፤ ተመልካቹ አንዴ ነጣ ሲል አይቶ ያልፈዋል። ሲሞስ የተባለው ሴንሰር ሲመጣ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። አብዛኛው ሲሞስ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያነባል። ብልጭታው በንባቡ መካከል ከመጣ የምስሉ ግማሽ ሲነጣ ግማሹ እንደነበረ ይቀራል። በዝግታ ደግሞ ያየ ሰው ስክሪኑ በአግድም ተቆርጦ ያገኘዋል፤ ግብ ጠባቂው ከወገቡ በላይ ጨለማ፣ ከወገቡ በታች ፀሐይ።

ከዚህ የከፋው የዲጂታል ምስል አጨማመቅ ነው። አሜሪካ በ2009፣ ካናዳ በ2011 ዋና ዋና ጣቢያዎቻቸውን ከአናሎግ አላቅቀዋል። ዲጂታል ስርጭት ምስሉን ሁሉ ሙሉ በሙሉ አይልክም፤ ያለፈውን ፍሬም ይዞ የተለወጠውን ብቻ ለመላክ ይሞክራል። በረዶው ነጭ፣ አጥሩ ያው፣ የተንቀሳቀሱት ተጫዋቾቹ ብቻ ከሆኑ ሥራው ቀላል ነው። ፍላሽ ሲበርቅ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ይለወጣል፣ በሚቀጥለው ፍሬም ደግሞ መልሶ ይለወጣል። የተመደበው የዳታ መጠን ለዚያ አይበቃም፤ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ብሎኮች ይሰባበራል። በዚህ መሀል መጀመሪያ የምትጠፋው ትንሿ ነገር ናት፦ ስፋቷ 7.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነችው ፓክ።

ፓክ አትታይም የሚለው ቅሬታ ምን ያህል የከረረ እንደነበር የፎክስ ቴሌቪዥን ሙከራ ያሳያል። በጥር 1996 በቦስተኑ የኮከቦች ጨዋታ ላይ ፓኳን ለሁለት ሰንጥቀው የኢንፍራሬድ መብራቶች ቀበሩባት፤ ኮምፒውተሩም ስክሪን ላይ ሰማያዊ የብርሃን ክብ አለበሳት፤ በሰዓት ከ113 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ስትፈጥን ቀይ ጅራት ያስከትልላት ነበር። የሆኪ ወዳጆች ክፉኛ ተቃወሙት፤ ፎክስ የስርጭት መብቱን ሲያጣ በ1998 ቀረ። ፓኳን ለማብራት ያን ያህል ጥረት ሲደረግ፣ ብልጭታው በዲጂታል ምስል ላይ የሚያደርሰውን ለማረም የተሰጠው ትኩረት ማነሱ ያሳዝነኛል።

ፍላሾቹ ይነሱ የሚለውን ግን አልቀበልም። ቪዲዮ ቴፕ በ1956 ብቅ ከማለቱ በፊት የተላለፈው ጨዋታ አብዛኛው ሳይቀረጽ ቀርቷል፤ የዚያን ዘመን ተጫዋቾች ፊት፣ ላብና የበረዶ ብናኝ ጠብቆ ያቆየልን ፎቶው ነው። እርግጥ ነው፣ ከኒኮን ዲ3 (2007) ወዲህ ካሜራዎች በአዳራሽ መብራት ብቻ መሥራት ችለዋል፤ ብዙ ባለሙያዎችም ያለ ፍላሽ ይሠራሉ። ሆኖም ከላይ የሚወርደው ብርሃን የሚሰጠውን የቀለም ንጽሕናና በራስ ቁር ሥር የተደበቀውን አይን ገልጦ ማሳየቱን የአዳራሽ መብራት አይተካውም። እርማቱ ከቴሌቪዥኑ ወገን መምጣት አለበት። በብልጭታ የተቆረጠውን ፍሬም ለይተው የሚያስተካክሉ የቪዲዮ ካሜራዎች አሉ፤ ምስሉን በሙሉ በአንድ ቅጽበት የሚያነብ ሴንሰርም አለ። በሆኪ ሜዳ ዙሪያ የሚቆመው እያንዳንዱ የስርጭት ካሜራ እንዲህ ያለ ሲሆን፣ ብልጭታው የሴኮንድ ስልሳኛ የምትቆይ አንዲት ነጭ ምስል ብቻ ይሆናል፤ ፓኳም መረቡ ውስጥ ስትገባ የመታየት ዕድሏ ይጨምራል።