ንጉሥ ኒያል ነበረ ወይ?

ስሙኝማ ወገኖቼ። ነገሩ የሆነው አየርላንድ፣ ታራ በምትባል ኮረብታ ላይ ነው። ንጉሡ ኬረን የምትባል ምርኮኛ አስረግዞ ነበርና ንግሥቲቱ ሞንግፊን በቅናት ነደደች፤ እርጉዟንም ለቤተ መንግሥቱ ውሃ እንድትቀዳ ፈረደችባት። ምጥ የያዛት እዚያው ውሃ ስትቀዳ ነው። ሕፃኑ ሜዳ ላይ ራቁቱን ቀረ፤ ወፎችም ከበቡት። ንግሥቲቱን ፈርቶ የሚያነሣው ጠፋ። በመጨረሻ ቶርና የተባለ ባለቅኔ አቅፎ ወሰደው፤ አሳደገውም። ያ ልጅ ኒያል ነው። አድጎ ነገሠ፤ ዘጠኝ ሰዎች በመያዣነት ይዞ አገሩንና ባሕር ማዶውን አስገበረ ይባላል።

እዚህ ላይ ግን ልቁም። ይህ ታሪክ የተጻፈው በ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ኒያል ኖረ የሚባለው በ5ኛው። በዘመኑ ስሙን ጽፎ ያቆየልን የለም። በዚያው ክፍለ ዘመን አየርላንድን የሰበከው ቅዱስ ፓትሪክ እንኳ፣ ራሱ በጻፋቸው ሁለት ጽሑፎች ኒያልንም ሆነ ልጁን ሊሪን አያነሣም።

ወሬው የሚደምቀው ከ200 ዓመት በኋላ ነው። ሙርኩ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊሪን ናቡከደነፆር፣ ታራንም ባቢሎን አደረጋቸው፤ ንጉሥ ሊሪ በፓትሪክ ፊት ተርበድብዶ፣ ሞትን ፈርቶ አመነ ብሎ ጻፈ። በዚያው ዘመን ጳጳሱ ቲርሃን ደግሞ ሊሪ እምቢ አለ ይላል፤ አባቱ ኒያል፣ «ስትሞት መሣሪያህን ታጥቀህ፣ ፊትህን ወደ ጠላትህ አዙረህ ታራ ላይ ተቀበር» ብሎት ነበርና። እስቲ ፍረዱ! ሁለቱም የፓትሪክን ክብር ከፍ ለማድረግ የሚጽፉ ነበሩ፤ ለዚህም ከፊቱ የሚቆም ገናና ንጉሥ ያሻቸው ነበር። የኒያል ዘር ነን የሚሉት ኡይ ኔሎች ደግሞ ያኔ በሥልጣን ላይ ናቸው፤ የአባታቸው ዝና የዙፋናቸው ማስረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ በሰሜን ምዕራብ አየርላንድ ከአምስት ወንዶች አንዱ ከአንድ አባት የወረደ ይመስላል አሉ። ጋዜጦቹም ኒያል ተገኘ ብለው ጻፉ። ዘረመል ግን የአባት ስም አይናገርም።

እኔ ኒያል ነበረ ባይ ነኝ። ያን ያህል ቅርንጫፍ ያለው የኡይ ኔሎች ቤት በአንድ ሰው ስም የተጠራው እንዲያው አይደለም። የማልቀበለው ዓመቱን ነው። የአራቱ ሊቃውንት ዜና መዋዕል ኒያል በ405 ሞተ ይላል፤ የኡልስተር ዜና መዋዕል ደግሞ ልጁ ፊያኩ በ516 ጦርነት ገጠመ ይላል። አባቱ ከሞተ ከ111 ዓመት በኋላ ሰይፍ የሚመዝ ልጅ የለም። ስለዚህ 405ን ሰርዙና ኒያልን ወደ 5ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አምጡት።