«ግራንት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሰሞኑን ቴዎድሮስ አደባባይ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ በቆመበት አጠገብ፣ ሁለት የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች «ኮሌጁ ግራንት አገኘ» ሲባባሉ ሰማሁ። አንደኛው ስጦታ፣ ሌላኛው ብድር መስሎታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ብድር ይመለሳል፤ ስጦታ ሒሳብ አይጠየቅበትም፤ «እርዳታ» ብንለውም ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ የሚያስታውሰን ስንዴና ዘይት ነው። ግራንት አይመለስም፤ ምን ላይ እንደዋለ ግን ይጠየቃል። የዓለም ባንክ ለድኻ አገሮች ከሚሰጠው ገንዘብ ከፊሉ ብድር፣ ከፊሉ ግራንት ነው። በ2011 ዓ.ም. ያጸደቀው፣ ጄኔራል ዊንጌትን የመሳሰሉ ኮሌጆችን ያቀፈው የምሥራቅ አፍሪካ የክህሎት ፕሮጀክትም ክፍያን ከውጤት ጋር አያይዟል።

እኔ «ድጎማ» ይባል እላለሁ። «ደጎመ» ደገፈ፣ የጎደለውን ሞላ ማለት ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚያከፋፍለው በጀትም መጠሪያው ይኸው ነው። ከነዳጅ ዋጋ ጋር አጣብቀን ስለለመድነው ጠበበብን እንጂ ቃሉ ሰፊ ነው። ለኮሌጅ ሲሆን «የሥልጠና ድጎማ» ብንለው ይበቃል። ሠልጣኙ የብየዳ ማሽኑ በምን ገንዘብ እንደተገዛ በቋንቋው ካወቀ፣ ቀሪው የት ደረሰ ብሎ ለመጠየቅም አይቸገርም።